በወጣቶች ፊት ላይ የሚወጣውን የቆዳ ነቀርሳ በጊዜ ስለ ማወቅ

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የቀረበ ምክር

ገበሬዎች ሆይ! በስንዴ ማሳችሁ ውስጥ ስትመላለሱ በአንድ ቅጠል ላይ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ብታዩ ዝም ብላችሁ አታልፉም። ዋግ መሆኑን ታውቃላችሁና። በጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ ያልተያዘ ዋግ ጥቂት ቆይቶ ማሳውን በሙሉ እንደሚያጠፋው ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል፤ በዓይናችሁም አይታችኋል። ታዲያ ለስንዴው ቅጠል የምታደርጉትን ጥንቃቄ ለገዛ ፊታችሁና ለልጆቻችሁ ፊት ታደርጋላችሁን? በፊት ላይ የሚወጣ አንድ ትንሽ ነጥብ ወይም አልድን ያለ ቁስል አንዳንድ ጊዜ ከዋግ የከፋ ጠላት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ትንሽ ሳለ የታወቀ እንደ ሆነ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ስለዚህ ምልክቱን እንድታውቁት ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቶላችኋል።

በሽታው ምንድን ነው?

የሰው ቆዳ ቀለሙን የሚያገኘው ሜላኒን ከሚባል ነገር ነው። ይህንንም ቀለም የሚሠሩ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት በቆዳችን ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህ ሕዋሳት ከሥርዓታቸው ወጥተው ያለ ልክ መራባት የጀመሩ እንደ ሆነ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ነቀርሳ ይሆናል። ነቀርሳ ማለት ዛሬ ካንሰር የምንለው በሽታ ነው። የቆዳ ነቀርሳ ብዙ ዓይነት አለው፤ ሜላኖማ ከሌሎቹ ይልቅ በቍጥር ጥቂት ቢሆንም ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል በመዛመት ግን ይብሳል።

አቀንጭራ በማሽላ ማሳ ላይ አበባውን ከማሳየቱ በፊት ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይዞ ሲመጥ ይቆያል። ሜላኖማም ከላይ ሲያዩት ትንሽ ነጥብ ይመስላል፤ ጊዜ ካገኘ ግን ወደ ታች ሥር ይሰዳል። አሌክሳንደር ብሬስሎው የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የበሽታው ክፋት ወደ ታች በገባበት ጥልቀት የሚለካ መሆኑን በ1970 እ.ኤ.አ. አሳየ። ሐኪሞችም እስከ ዛሬ ድረስ ይህንኑ ጥልቀት በሚሊሜትር ይለካሉ። ጥልቀቱ ከ1 ሚሊሜትር ሳይበልጥ ተቆርጦ የወጣለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ እንዲህ ካሉት ከመቶው ሰዎች ከ90 የሚበልጡት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ። 1 ሚሊሜትር ማለት የአንዲት ጤፍ ቅንጣት ርዝመት ያህል ነው። እንግዲህ በመዳንና በመሞት መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ጥቂት መሆኑን አስቡ።

በፊት ላይ የወጣ ሜላኖማ ሲዛመት በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ በታችና በአንገት ወዳሉት ዕጢዎች ነው። ያን ጊዜ ንፍፊት ሆኖ ይዳሰሳል። ከዚያም ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነቃቁ አዳዲስ መድኃኒቶች ቢገኙም ዋጋቸው ከገበሬ አቅም በላይ ነው። በጊዜ መቍረጥ ግን ርካሽ ነው።

ጥቁር ሰው በዚህ በሽታ ይያዛልን?

አዎን፣ ይያዛል። ጥቁር ቆዳ የፀሐይን ጨረር ስለሚከላከል በሽታው በጥቁር ሰዎች ላይ ከነጮች ይልቅ በጣም ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ጥቂት ማለት የለም ማለት አይደለም። እንዲያውም «እኛን አይነካንም» እየተባለ ስለሚታለፍ በጥቁር ሰዎች ላይ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከዘገየ በኋላ ነው።

ለዚህ አንድ የታወቀ ምስክር አለ። የሬጌ ሙዚቃ አቀንቃኝ የነበረው ጃማይካዊው ቦብ ማርሌ በ1977 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም.፣ በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት። ዕድሜው ገና 32 ዓመት ነበር። ጣቱ እንዲቆረጥ ቢመከርም አልተቀበለም። በሽታውም ቆይቶ ወደ ሳንባው፣ ወደ ጉበቱና ወደ አንጎሉ ተዛመተ፤ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ሞተ። ይህ ሰው ወጣት ነበረ፤ ስፖርትም ይወድ ነበረ። ወጣትነትም ጥንካሬም ከዚህ በሽታ አላዳኑትም።

በጥቁር ሰዎች ላይ ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማይነካው ቦታ፣ ማለት በውስጥ እግር፣ በእጅ መዳፍና በጥፍር ሥር ነው። በፊት በኩልም ከጉንጭና ከግንባር ሌላ በከንፈር፣ በአፍ ውስጥ፣ በአፍንጫ ውስጥና በዓይን ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ፊትን ስትመለከቱ እነዚህን ቦታዎች አትርሱ።

አምስቱ ምልክቶች

ምልክቶቹን ለማስታወስ እንዲቀላችሁ በአምስቱ ጣቶቻችሁ ቍጠሯቸው።

አውራ ጣት፤ ቅርጽ። ነጥቡን በመካከሉ የከፈላችሁት አድርጋችሁ ብትመለከቱት ሁለቱ ወገን እኩል አይደለም። ጤነኛው ነጥብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክብ ወይም ሞላላ ነው።

ሌባ ጣት፤ ጠርዝ። ዳር ዳሩ ተሸራርፏል፤ ወይም ቀለም በውኃ ላይ እንደ ፈሰሰ ያህል መጨረሻው አይለይም።

የመካከል ጣት፤ ቀለም። አንድ ዓይነት ቀለም የለውም። በአንድ ነጥብ ላይ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቀይ፣ አመድማ ወይም ሰማያዊ ይታያል።

የቀለበት ጣት፤ ስፋት። ከ6 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ ይህም የአንድ አተር ፍሬ ያህል ነው። ነገር ግን ከዚህ ቢያንስም እየተለወጠ ከሄደ መታየት አለበት።

ትንሿ ጣት፤ ለውጥ። ባለፉት ሳምንታት ወይም ወራት ሰፍቷል፣ አብጧል፣ ጠቁሯል፣ ያሳክካል፣ ይደማል፣ ወይም ቅርፊት እያበጀ ይነሣል። ጣቷ ትንሽ ብትሆንም ምልክቷ ከሁሉ ትበልጣለች። ከልጅነት ጀምሮ ያለና ያልተለወጠ ነጥብ፣ በተለምዶ «ማርያም የሳመችው» የምንለው፣ ብዙውን ጊዜ አያስፈራም። የተለወጠው ግን ያስፈራል።

ከነዚህም በቀር ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ቅርጹ ክብ ቀለሙም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፍ ብሎ፣ ጠጥሮና ፈጥኖ የሚያድግ እብጠት ክፉ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ በፊት ላይ የወጣ ቁስል በአንድ ወር ውስጥ ያልዳነ እንደ ሆነ፣ ቢያምም ባያምም፣ ለሐኪም መታየት ይገባዋል። ነቀርሳ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምምምና «አያመኝም» ማለት አይበቃም።

የማያስፈራው የትኛው ነው?

ፊት ላይ የታየ ጥቁር ነገር ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። በሁለቱም ጉንጭና በግንባር ላይ ቆዳውን ሳያሳብጥ የሚታየው ማድያት ነቀርሳ አይደለም። እንደዚሁም በብዙ ጥቁር ሰዎች ጉንጭ ላይ ከዕድሜ ጋር የሚበዙት፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄዱት፣ ትንንሽ ለስላሳ ጥቁር ፍሬዎች ጉዳት የላቸውም። እነዚህን በምላጭ መቍረጥ ወይም ቆዳ በሚያነጣ ቅባት ለማጥፋት መሞከር ግን ቁስልና ጠባሳ ያመጣል።

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ደግሞ በወጣቶች ፊት ላይ የሚወጣው የማይድን ቁስል ብዙ ጊዜ ቁንጭር ነው። ቁንጭር ነቀርሳ አይደለም። የአሸዋ ዝንብ የምትባል በጣም ትንሽ ነፍሳት ሽኮኮ ከሚኖርባቸው ገደሎችና ዋሻዎች አካባቢ የምታስተላልፈው ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ነው። መድኃኒትም አለው። ይሁን እንጂ ቁንጭርንና ነቀርሳን በዓይን ብቻ መለየት ለሠለጠነ ሰው እንኳ አንዳንድ ጊዜ ያስቸግራል። ሁለቱም ሕክምና ስለሚፈልጉ መንገዱ አንድ ነው፤ ይኸውም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠበቁ ስለሚገባቸው

አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ማለት ሲወለዱ ጀምሮ ቆዳቸውና ጠጕራቸው የነጣ ልጆች፣ በየቀበሌው ይገኛሉ። ይህ ርግማን አይደለም፤ የእናቲቱም ጥፋት አይደለም። አባትም እናትም ሳያውቁት የሚያወርሱት የዘር ምልክት ሲገናኝ ልጁ ቀለም የሚሠራበትን ኃይል ሳያገኝ ይወለዳል። ሁለቱም ወላጆች ምልክቱን የያዙ እንደ ሆነ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ።

እነዚህ ልጆች ከፀሐይ የሚከላከላቸው ቀለም ስለሌላቸው በእርሻና በከብት ጥበቃ ሲውሉ ቆዳቸው ይቃጠላል። ካልተጠነቀቁም ገና በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜያቸው በፊት፣ በከንፈር፣ በጆሮና በአንገት ላይ የቆዳ ነቀርሳ ይወጣባቸዋል። በእነርሱ ላይ የሚበዛው ሜላኖማ ሳይሆን ሌላው ዓይነት ነው፤ ሻካራ ሆኖ ይጀምርና ቅርፊት ያበጃል፣ ይደማል፣ አልድን ይላል። ሜላኖማም ቢወጣባቸው ጥቁር ላይሆን፣ ቀላ ያለ እብጠት ብቻ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አልቢኒዝም ላለበት ሰው ጥቁር ነጥብ አትጠብቁ፤ ማናቸውንም ሻካራ ወይም የማይድን ቁስል ቶሎ አሳዩ። ሰኔ 6 ቀን በየዓመቱ የሚታሰበው ዓለም አቀፍ የአልቢኒዝም ቀን ይህን ለጎረቤት ለማስረዳት መልካም አጋጣሚ ነው።

«እህሉ ይሰብሰብ» ማለት የሚያመጣው ጉዳት

ለምሳሌ ያህል አንድ የ26 ዓመት ገበሬ አስቡ። በጉንጩ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ትንሽ ነጥብ አለው። በጥቅምት ወር እናቱ ምሳ ይዛ ማሳው ድረስ መጥታ ስታየው፣

«ልጄ፣ ይህ ነጥብህ ዐምና እንዲህ አልነበረም፤ ዳሩ ጠቁሯል» ትለዋለች።

«እማዬ፣ ምላጭ ነክቶት ነው። ደግሞስ አያመኝም። አሁን አጨዳ ደርሷል፤ እህሉ ይሰብሰብና እናየዋለን» ይላታል።

አጨዳው አልቆ ውቂያው ይመጣል። ከውቂያው በኋላ ገበያ፣ ከገበያው በኋላ ሠርግ፣ ከሠርጉም በኋላ የበልግ እርሻ ይከተላል። እንዲህ እየተባለ ስድስት ወር ያልፋል። በሚያዝያ ነጥቡ ይደማል፤ ከመንጋጋው በታችም ንፍፊት ይዳሰሳል። በጥቅምት ቢሄድ ኖሮ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወጣ የነበረው ነገር አሁን ከባድ ሆኗል።

ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ለቤተ ሰቡ የሚያስብ ታታሪ ነው። ስሕተቱ አዝመራውን ከገበሬው ማስቀደሙ ነው። ገበሬው ከሌለ የሚቀጥለውን ዓመት እርሻ ማን ያርሳል? ለሐኪም የምትወጡበት ቀን ሥራ ቢያስፈታችሁ ደቦና ወንፈል ለዚሁ ነውና ጎረቤታችሁን አስታውቁ። እናትም ሚስትም «ተለውጧል» ባሉ ጊዜ አድምጧቸው። ፊታችንን ዘወትር የሚያየው ሌላ ሰው ነው እንጂ እኛ አይደለንም።

በወር አንድ ቀን ፊታችሁን መርምሩ

ለዚህ ሥራ በወር አንድ ቀን ለዩ። ከወሩ በዓላት አንዱን፣ ለምሳሌ 12 ሚካኤልን፣ ወይም የወሩን የመጀመሪያ ዓርብ ብትመርጡ አትረሱትም። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ፊታችሁን ታጥባችሁ መልካም የቀን ብርሃን ባለበት ቦታ መስተዋት ያዙ። ግንባርን፣ የዓይን ቆብን፣ አፍንጫን፣ ጉንጭን፣ ከንፈርንና አገጭን በየተራ ተመልከቱ። አፋችሁንም ከፍታችሁ ድድንና ላንቃን እዩ።

2ኛ. ጆሮን፣ የጆሮን ኋላና አንገትን ባልና ሚስት ወይም እኅትና ወንድም ይተያዩ። ሹሩባ ሲፈታ ወይም ጠጕር ሲላጭ የራስ ቆዳም ይታይ።

3ኛ. የሚያጠራጥር ነጥብ ብታገኙ በአጠገቡ አንድ አተር አድርጋችሁ በሞባይል ስልክ ፎቶግራፍ አንሡት። ቀኑንም ጻፉ። በሚቀጥለው ወር እንደገና አንሥታችሁ አስተያዩ። ከአምስቱ ምልክቶች አንዱ አሁኑኑ የሚታይ ከሆነ ግን ወር ሳትጠብቁ ሂዱ።

4ኛ. በመጨረሻ ውስጥ እግርን፣ መዳፍንና ጥፍርን እዩ። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ ጥቁር መስመር እየሰፋ ከሄደ ወይም ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ከፈሰሰ ለሐኪም አሳዩ።

አታድርጉ

የሚያጠራጥር ነጥብን በጋለ ብረት አትተኩሱ፤ በምላጭ አትቍረጡ፤ በክር አትሰሩ፤ የሚያቃጥል ቅጠልም አታስሩበት። እንዲህ ሲደረግ ከላይ ያለው ይጠፋና ሥሩ ከታች ይቀራል። ከዚህም በላይ ሐኪሙ መርምሮ እንዳያውቀው መረጃውን ያጠፋበታል። ጸሎትና ጠበል የምትፈልጉ ብትሆኑ ማንም አይከለክላችሁም፤ ሕክምናውን ግን በዚያ ምክንያት አታዘግዩት።

ወዴት ትሄዳላችሁ? ምንስ ይደረግላችኋል?

በመጀመሪያ በጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማክሩ፤ ወይም በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆናችሁ መታወቂያ ደብተራችሁን ያዙ። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የላካችሁ እንደ ሆነ የሪፈር ወረቀቱን ሳትቀበሉ አትውጡ። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ በደሴ አጠገብም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው።

ለሐኪሙ ሦስት ነገር ንገሩት፤ መቼ እንደ ጀመረ፣ ምን እንደ ተለወጠ፣ ምን መድኃኒት እንዳደረጋችሁበት። ፎቶግራፉንም አሳዩት። ሐኪሙ ቦታውን በመርፌ አደንዝዞ ነጥቡን በሙሉ ወይም ጥቂቱን ቆርጦ ለላቦራቶሪ ይልካል። እዚያም በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። «ነቀርሳ በምላጭ ሲነካ ይበተናል» የሚለው ወሬ ሐኪም የሚያደርገውን ይህን ምርመራ አይመለከትምና አትፍሩ። ውጤቱን ለመስማት የተቀጠረላችሁን ቀን ግን አትሳቱ፤ ተመርምሮ ውጤቱን ያልሰማ ሰው እንዳልተመረመረ ይቈጠራል። ሜላኖማ ሆኖ ከተገኘ ቦታው ዳር ዳሩ ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር እንደገና ይቆረጣል።

ፊትን ከፀሐይ ስለ መጠበቅ

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ፣ መሬቷም ከፍተኛ ስለ ሆነ የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ነው። ወደ ላይ በ1000 ሜትር በወጣን ቍጥር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። የደጋው ብርድ እንዳያታልላችሁ። ጨረሩ የሚበረታው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። ክንፉ ሰፊ የሆነ የሰሌን ባርኔጣ ግንባርን፣ ጆሮንና አንገትን ይጋርዳል። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ነጠላም ሆነ ጋቢ ይጠቅማል። አልቢኒዝም ላለበት ሰው ይህ ግዴታ ነው፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ቍጥሩ 30ና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ቢያገኝ ይቀባ። ሥራውም በማለዳና ወደ ማታ፣ ወይም በጥላ ሥር የሚሠራ ይሁንለት። በጥቁር ሰው ውስጥ እግር ላይ የሚወጣውን ሜላኖማ ግን ባርኔጣ አይከለክለውም፤ የዚያ መከላከያው በጊዜ ማየት ብቻ ነው።

ለልማት ሠራተኞች

እናንተ ከሐኪም ይልቅ ብዙ ጊዜ ገበሬውን ታያላችሁ። የማሳ ጉብኝት ስታደርጉ ዋግ ከመፈለግ ጋር የሰውየውንም ፊት ልብ በሉ። በሰው ፊት «ነቀርሳ ይዞሃል» አትበሉ፤ ይህን የሚለው ሐኪም ብቻ ነው። ለብቻው ጠርታችሁ «ወንድሜ፣ ይህ ቁስል ስንት ጊዜው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከአንድ ወር ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ምሩት፤ በሚቀጥለውም ጉብኝት መሄዱን ጠይቁ። አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ያለውን ቤተ ሰብ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አገናኙ። በቀበሌው ስብሰባም አምስቱን ምልክቶች በአምስት ጣት እያስቈጠራችሁ አስተምሩ።

እንግዲህ ገበሬዎች ሆይ፣ የተለወጠ ነጥብ ወይም በአንድ ወር ያልዳነ ቁስል በፊታችሁ ላይ ቢታይ ዕድሜያችሁን ወይም የቆዳችሁን ጥቁረት ምክንያት አታድርጉ። አዝመራውንም አትጠብቁ። አረሙ በሁለት ቅጠል ሳለ እንደምትነቅሉት ሁሉ ይህንንም ትንሽ ሳለ አሳዩ።